ቦምባ ሁለት፣ አንዱ ለጸሐፊው ቤት

ጋሼ በሙያው ብረት ሠራተኛ አልነበረም። ቀን ቀን መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ደብዳቤ በታይፕ የሚመታ ሰው ነበር። ብረት የሚሠራው ከሥራ መልስና ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች በነበረው ግቢያችን፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ በከለላት ጠባብ ቦታ። ታላቅ ወንድሜ ነው። ጋሼ የምለው በአሥራ አንድ ዓመት ስለሚበልጠኝና አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ ነው።

ዕቃው ብዙ አልነበረም። ከምናለሽ ተራ የገዛው፣ አንዱ መንጋጋው የተሸረፈ፣ ብረት ቆንጥጦ የሚይዝ ሞርሳ ነበረው። ሞርሳውን መሬት ውስጥ በተቀበረ ወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ በአራት ቡሎን አስሮታል። ሦስት ሞረድ፣ አንድ ሴጌቶ፣ በእጅ የሚዞር የብረት መብሻ ትራፓኖ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የሚቀመጡ የቡሎን ጥርስ ማውጫ ብረቶች። ከዚያ ደግሞ አንድ የመስኮት መስታወት። መስታወቱ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ ብዙ ቆይቻለሁ።

እናታችን ይህን ሥራ አትወደውም ነበር። የመጣችው ከደቡብ ነው። በአገሯ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ አይቀርብም። «አስተምሬው አስተምሬው ቀጥቃጭ ወጣልኝ» ትል ነበር ለጎረቤት። ጋሼ ይስቃል። የበሯን ማጠፊያ ሲያድስላትና በሩ መንጫጫቱን ሲያቆም ግን ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ቀጥቃጭ ማለቱን ተወችው፤ «የልጄ ሥራ» ማለት ጀመረች።

እኔን ያስተማረኝ በአንድ ቁራጭ ብረት ነው። ከሞርሳው ላይ አስሮ ስድስቱን ፊት እኩል አድርግ አለኝ። አንድ ወር ፈጀብኝ። ሞረዱን እንደ ጨርቅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስፈትገው እጄን ይዞ አቆመኝ። ሞረድ የሚበላው ሲገፉት ነው፣ ሲመልሱት ከብረቱ ላይ ብድግ ማድረግ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ጥርሱ ይሞታል አለኝ። ብናኙ ጥርሶቹ መካከል እንዳይወተፍ ጠመኔ አስቀባኝ፤ ጠመኔውን ከትምህርት ቤት የሰረቅኩት እኔ ነኝ። አለቀ ብዬ ሳመጣለት መስታወቱን አወጣ። በላዩ ላይ የኩራዝ ጥቀርሻ ቀብቶ ብረቱን በላዩ አሸት አደረገው። ገልብጦ አሳየኝ። ጥቁር የሆነው ቦታ ከፍ ያለው ነው። እኔ ሜዳ ነው ያልኩት ብረት ተራራ ሞልቶበት ነበር።

የሚሠራውን ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር። አጻጻፉ የታይፕ ሰው ነው፤ አጭር፣ ወረቀት የማያባክን። «ማጠፊያ አራት። ሰኞ።» «የጋዝ ምድጃ እግር አንድ። ይበየዳል።» ይኸው ነው።

አሁን ስለ ቃሉ መጻፍ አለብኝ። በሰፈራችን የውሃውን መክፈቻም ቱቦውንም ቦምባ ነው የምንለው። ሬዲዮ ላይ ቧንቧ ይላሉ። ጋሼ ቧንቧ ሲል አንድም ቀን አልሰማሁም። የሚፈነዳውን ነገር ደግሞ ግማሹ ሰው ቦምብ ይለዋል፣ ግማሹም ቦምባ ይለዋል። በንግግር ችግር የለውም። ውሃ ልትቀዳ የምትሄድ ሴት ቦምባ ጋ ነኝ ብትል ማንም ዘሎ አይደበቅም።

የቀበሌው ጸሐፊ ከእኛ ሁለት አጥር ከፍ ብሎ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ራሱ መጣ። ከቆርቆሮው ሥር ቆሞ ጋሼን «ወንድም፣ ቦምባዬ ያንጠባጥባል፤ አንድ ብትሠራልኝ» አለው። እኔ ሞርሳው ላይ ነበርኩ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጋሼ ሄዶ አይቶት መጣ። በኋላ ነገረኝ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰልፎ የሚቀዳው ከአንድ ቦኖ ነበር። ጸሐፊው ግን ከቦኖው መስመር ላይ ማንም ሳያውቅ ቀጥሎ፣ በአጥሩ ሥር ቀብሮ፣ ግቢው ውስጥ የራሱን ውሃ አስገብቷል። ጋሼ ለማንም እንዳልናገር አስጠነቀቀኝና ደብተሩ ላይ ጻፈ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ሌላ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ ይህን ግን አልረሳም።

«ቦምባ ሁለት። አንዱ ለጸሐፊው ቤት፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። ቅዳሜ ይደርሳል።»

ሐሙስ ጠዋት የመሣሪያ ፍለጋ አሰሳ መጣ። ያን ጊዜ አሰሳ ቤት ለቤት ነው። አራት አብዮት ጠባቂዎች ነበሩ፤ የሰፈሩን ሰው ስም ዝርዝር ይዞ ጸሐፊው አብሯቸው ነበር። ቤቱን ፈትሸው ምንም አላገኙም። ከዚያ ከማድ ቤቱ ጀርባ ዞሩ። የተቆራረጠ ግማሽ ኢንች ቱቦ አገኙ፣ ትራፓኖውን አገኙ፣ ደብተሩን አገኙ። ደብተሩን የያዘው ጠባቂ ማንበብ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ነው። በጣቱ እየተከተለ ነው የሚያነበው። «ቦ… ም… ባ» አለ። ቆመና ሌሎቹን አያቸው። «ቦምባ ሁ… ለት። አን… ዱ… ለጸሐፊው ቤት።»

ቱቦው በሌላው ጠባቂ እጅ ላይ ነበር። ሰውየው ቱቦውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። እንዴት ቀስ ብሎ እንዳስቀመጠው ዛሬም ይታየኛል።

እኔ የውሃ ነው፣ የውሃ ቦምባ ነው እያልኩ ጮህኩ። በጥፊ መቱኝ። ወደ ጸሐፊው ዞርኩ። «እርስዎ ይንገሯቸው። የእርስዎ ነው እኮ» አልኩት።

ዝርዝሩን እያየ ነበር። ቀና አላለም። «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አለ።

ጋሼ ምንም አልተከራከረም። ጸሐፊውን አየው፤ ብዙም አላየው። ሲወስዱት ወደ እኔ ዞሮ «ለእማዬ ቁርሱን በልቷል በላት» አለኝ። አልበላም ነበር።

እናቴ በየቀኑ ምግብ ትወስድ ነበር፣ መጀመሪያ ወደ ቀበሌ፣ ኋላ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ሲመለስ ደስ ይላታል። በስድስተኛው ሳምንት ሳህኑ እንደሞላ ተመለሰ። በር ላይ ያለው ልጅ «እናቴ፣ ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። ሌላ አልተነገረንም። አስከሬን የለም። ማልቀስ ክልክል ነበር፣ ድንኳን ክልክል ነበር። እናቴ ትራስ አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ጸሎት ቤታችንን መንግሥት ካሸገው ቆይቷል፤ እሑድ እሑድ ሦስት አራት ሴቶች ልብስ የሚያጥቡ መስለው ጓሮ ተቀምጠው ይጸልያሉ። እናቴ ለጸሐፊው ጸለየች። ስሙን ጠርታ፣ ጌታ ሆይ ማረው አለች። ሌሎቹ አሜን አሉ። እኔ ተነስቼ ሄድኩ።

ሞርሳው ቀርቶልን ነበር። ሊወስዱት ሞክረው ቡሎኖቹ ከሥር እንደታሰሩ ስላላወቁ ትተውት ሄዱ። ሞረዶቹም ነበሩ፤ እንጨት መፋቂያ ይሁን ሌላ አልገባቸውም። የጥርስ ማውጫው ቆርቆሮ እናቴ ቤት ውስጥ ክር የምታስቀምጥበት መስሏቸው አለፉት። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት እየመጣሁ በቀጥታ ወደ ሞርሳው እሄዳለሁ።

የምሠራው ቢላዋ ነበር። ለማን እንደሆነ ለራሴ በግልጽ ነግሬዋለሁ። ከቄራ መንገድ ያገኘሁትን የመኪና ባሌስትራ ቆርጬ ጀመርኩ። ባሌስትራ ሞረድ አይቀበልም፤ መጀመሪያ በከሰል አግሎ፣ አመድ ውስጥ ቀብሮ፣ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ይለሰልሳል። ጋሼ ያላስተማረኝን በማበላሸት ተማርኩት። የመጀመሪያውን ቅርጽ አውጥቼ፣ አግዬ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስነክረው ጫፉ ጋ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። ሦስት ሳምንት የሞረድኩት ነው። ሁለተኛውን በተቃጠለ የሞተር ዘይት ነከርኩት። ከዚያ አጽድቼ እንደገና በቀስታ አሞቅኩት፣ ብረቱ የገለባ ቀለም እስኪያመጣ፤ ቀለሙ እንደመጣ አወጣሁት። እሱ አልተሰነጠቀም። ወረቀት ላይ ሳሳርፈው ወረቀቱ በቢላዋው ክብደት ብቻ ይቆረጥ ነበር።

እየሞረድኩ የማስበው አንድ ነገር ነው። ጸሐፊው ባያውቅ ኖሮ። ግን ያውቃል። ቃሉን ከአፉ ሰምቻለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃ ነበር፤ የእኔ ቤት ውሃ ነው ማለት። አላለም። በየቀኑ በበራችን ሲያልፍ ለእናቴ ባርኔጣውን ያነሳላታል።

ቢላዋውን ከግንዱ ሥር በጨርቅ ጠቅልዬ ደብቄው ነበር። አንድ ቀን ስመጣ እናቴ ሽንኩርት ትከትፍበታለች። ከየት አመጣሽው አላልኳትም። እሷም ለምን ሠራኸው አላለችም። «ጥሩ ይቆርጣል» ብቻ አለች። ከዚያ ቀን በኋላ መሶብ ሥር ነበር የምታስቀምጠው፤ እሷ የምትተኛበት ጎን።

በተከታዩ ዓመት፣ በጋ ላይ፣ ቦኖው ተበላሸ። የሚከፍተውና የሚዘጋው የውስጥ ዘንግ ጥርሱ አልቆ ይሽከረከራል እንጂ ውሃ አይሰጥም። የውሃ መሥሪያ ቤቱ መለዋወጫ የለም፣ ጠብቁ አላቸው። ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ወደ ወንዙ መውረድ ጀመሩ፤ እናቴም ወረደች። በሰፈሩ ጥርስ የሚያወጣ ብረት ያለው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ጠባቂ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞልኝ መጣ። «የውሃ መቅጃ ዕቃ እንድትሠራልን» ይላል። የጸሐፊው ጽሑፍ ነው።

ወረቀቱን ሳየው ቢላዋው ለምን እንደማያስፈልገኝ ገባኝ። ቃሉን ሸሽቶታል። ሰፈሩ በሙሉ በቀን መቶ ጊዜ የሚለውን ቃል አልጻፈውም።

እንዲህ የሚባል ዕቃ አላውቅም ብዬ መለስኩት። ጠባቂው ተመልሶ መጣ፤ አሁን «የውሃ መክፈቻና መዝጊያ» ይላል። እሱንም አላውቅም አልኩ። ሁለት ቀን አለፈ። እናቴ በዚያ በሚያማት እግሯ ከወንዙ ስትወጣ አየኋት፤ ጀሪካኑን አስቀምጣ «ሰው በውሃ አይቀጣም ልጄ» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ራሱ መጣ። አጥራችን ላይ ባዶ ጀሪካን የያዙ ሴቶች ተከትለውታል። ከቆርቆሮው ሥር አልገባም፤ ደጅ ቆመ።

«ምን ብዬ ልጻፍልህ ነው የምትፈልገው?» አለ።

«ሰው በሚጠራው ስም።»

«መክፈቻ ብያለሁ እኮ። መክፈቻ ነው።»

«እርስዎ ጋሼን ሲያዙት መክፈቻ አላሉትም።»

ከአጥሩ አንዷ፣ አፏን የምትፈራ ሴት አይደለችም፣ «ኧረ ጓድ፣ ቦምባ በልና ገላግለን! ስሙ ጠፍቶብህ ነው?» አለች። ሌሎቹ ሳቁ።

ብዕሩን አወጣ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነው የጻፈው። «ቦ» ላይ ቆመ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ጨረሰው። ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ እፍ ብሎበት መታው። «ለብረት ሠራተኛው ወጣት። ቦምባ አንድ በአስቸኳይ ሠርተህ እንድታስረክበን።» ከሥሩ ፊርማው።

ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩና ሥራ ጀመርኩ። ከአሮጌ የመብራት እግር የተረፈ የነሐስ ዘንግ ነበረኝ። ነሐስ ገር ነው፣ ሞረድ ይወዳል። በአሮጌው ልክ አቅጥኜ፣ ጫፉን ለቁልፉ አራት ማዕዘን አድርጌ፣ ጥርሱን አወጣሁ። ጥርስ ሲወጣ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ነው፤ ፍቅፋቂው እንዲሰበር። ከተጣደፉ ይበጣጠሳል። አልተጣደፍኩም። ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ክብ ቆርጬ ከሥሩ አስገባሁለት። ማታ ሳይደርስ ውሃው መጣ። ሴቶቹ መረቁኝ። ምርቃቱን አልተቀበልኩም፣ ለእነሱ ብዬ አልሠራሁትማ።

እሑድ ስብሰባ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። ሊቀ መንበሩ ፊት ተቀምጧል፣ ጸሐፊው አጠገቡ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ሂስና ግለ ሂስ የሚባለው ሰዓት ሲደርስ እጄን አወጣሁ። ድምፄ እንደሚቆራረጥ ስለማውቅ ወረቀቱን ብቻ ማንበብ መረጥኩ። የቀበሌያችን ጸሐፊ ቦምባ እንድሠራ በማኅተም አዘውኛል አልኩና አነበብኩት።

አዳራሹ ሳቀ። ሊቀ መንበሩ ከሁሉ በላይ ሳቀ፣ ዓይኑን ጠረገ። «ልጁ ሊያዝናናን ነው» አለ። «የውሃ ቦምባ ነዋ! ይህን የማያውቅ ሰው እዚህ አለ?» ማንም እጁን አላወጣም።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ያሉት በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» አልኩ።

ሊቀ መንበሩ ይያዝለት ብሎ ወደ ጸሐፊው ዞረ። ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ተቀምጧል። ብዕሩ አልተንቀሳቀሰም። ያን ጊዜ ጠባቂዎቹ በወሰዱት ደብተር ላይ የነበረውን በቃሌ አልኩት። «ቦምባ ሁለት። አንዱ ለጸሐፊው ቤት፣ አንዱ ለመጠባበቂያ። ቅዳሜ ይደርሳል። የወንድሜ ደብተር ላይ የነበረው ይኸው ነው። ያዘዘው ሰውም እዚህ ተቀምጧል።»

ሳቁ እንዴት እንደቆመ መግለጽ አልችልም። ቀስ እያለ አይደለም የቆመው። ከዚያ ከኋላ ያቺው አፏን የማትፈራ ሴት ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር፣ «እንዲያ ነዋ የጸሐፊው ጎመን በበጋ የማይደርቀው» አለች።

ከስብሰባው ሳልወጣ ያዙኝ። ስብሰባ በማወክ ነው የተባልኩት። አሥራ አንድ ቀን ቀበሌ ውስጥ አሰሩኝ፤ እናቴ ምግብ አመጣች፣ ሳህኑን በየቀኑ ባዶ አድርጌ ላክሁላት፣ ባይርበኝም። ስወጣ የሆነውን ነገሩኝ። በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ጸሐፊው ግቢ ገቡ። ተሰልፈው። አንዷ ስትቀዳ ሌላዋ ትጠብቃለች፣ ማንም አልጮኸም። ጎመኑን ረግጠውታል። በሳምንቱ ጸሐፊነቱን ተነጠቀ፣ ቱቦው ተቆፍሮ ወጣ። የተባረረበት ደብዳቤ የሕዝብን ውሃ ለግል ጥቅም በማዋል ይላል አሉ። ስለ ጋሼ አንድ ቃል የለበትም። ቃለ ጉባኤውም ውስጥ የለም፤ ያን ገጽ የያዘው እሱ ነበርና ባዶ ነው የቀረው።

እናቴ በቃህ አለችኝ። ማንም ቢሆን እዚያ ላይ ይበቃው ነበር ይሆናል። እኔ ግን ለውሃ ብዬ አልተነሳሁም። ለውሃ ተቀጣ። ለወንድሜ አልተቀጣም።

ከዚያ ሦስት ወር ያህል ቆይቶ መካኒሳ ድልድይ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ከስቷል። ባርኔጣ የለውም። አልፌው ልሄድ ስል ቆመና ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። እንታረቅ፣ ወጣት ነህ፣ ይህን ይዘህ አትደግ አለኝ። እጁን ያዝኩት። የእሱ እጅ የብዕር እጅ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ የእኔ ሁለት ዓመት ሞረድ ሲገፋ የኖረ ነው። ጨበጥኩት።

«ፈርቼ ነው» አለ። «አንዲት ቃል ብተነፍስ እኔንም ይወስዱኝ ነበር። ልጆች አሉኝ።»

እውነቱን እንደሆነ ዓይኑ ላይ አየሁ። ያን ዘመን የማያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ያዝንለት ይሆናል። እኔ እጁን አጥብቄ ጨመቅኩት። ጣቶቹ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ተሰማኝ። ሰዎች በአጠገባችን ያልፋሉ፤ ለሚያየን የተነፋፈቁ ዘመዳሞች ነን። ፊቱ ላብ አወጣ፣ በግራ እጁ ክንዴን ያዘ።

«ልቀቀኝ» አለኝ። «ያመኛል።»

«አውቃለሁ» አልኩት። አልለቀቅሁትም።